ሁለቱም 312 የተባሉ ሶሉሽኖች፦ የአንድ የኦስሞላሊቲ ማስያ ሶፍትዌር የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የጀመረው በሁለት ጠርሙሶች ነው። የነርቭ ሕዋሳትን ከሕብረ ሕዋሳቸው ለይቶ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴያቸውን በኤሌክትሮድ የሚለካ አንድ የምርምር ቡድን፣ ሕብረ ሕዋሱን ሲቆርጥና ሲበታትን ሱክሮዝ የበዛበት ሶሉሽን ይጠቀማል፤ የተለዩት ሕዋሳት ደግሞ ለልኬቱ ሥራ ጨው ወዳለበት ሁለተኛ ሶሉሽን ይዛወራሉ። በመጀመሪያው ውስጥ ሶዲየም በሱክሮዝ የሚተካው፣ በቢላዋው ሥር የሚያልፉት ሕዋሳት ከመጠን በላይ ተነቃቅተው እንዳይሞቱ ነው። ማግኒዚየሙ ከፍ፣ ካልሲየሙ ዝቅ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ ሶሉሽኖች በይዘት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ቢሆኑም በአንድ ነገር መመሳሰል ነበረባቸው፦ ሕዋሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ውሃ እንዳይስብም እንዳይለቅም ኦስሞላሊቲያቸው፣ ማለትም በውሃው ውስጥ የተሟሟቱት ቅንጣቶች ክምችት፣ እኩል መሆን ነበረበት።

ቡድኑ ይህን የሚያረጋግጠው ቀደም ሲል አንድ ተማሪ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በጻፈው አነስተኛ ሶፍትዌር ነበር። የኬሚካሉን ስምና የሚፈለገውን ሚሊሞላር (በአንድ ሊትር ውስጥ የሚኖረውን የኬሚካሉን ክምችት) ሲሰጡት፣ በአንድ ሊትር ስንት ግራም እንደሚመዘን ያወጣና ከታች የሶሉሽኑን ድምር ኦስሞላሪቲ ይጽፋል። ለጨው ሶሉሽኑ 312 ሚሊኦስሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው)፣ ለሱክሮዝ ሶሉሽኑም 312 ብሎ ነበር። ሁለቱ ቅመማዎች ታትመው ከሚዛኑ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ስለነበር ቁጥሩን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም።

ሕዋሳቱ ግን ጥሩ አልነበሩም። ከሱክሮዙ ወደ ጨዉ ከተዛወሩ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጠርዛቸው ይለሰልሳል፣ ገላቸው እየነጣ ይሄዳል፣ ጤነኛ በሆነ የነርቭ ሕዋስ ላይ በደንብ የማይለየው ኒውክለስ በማይክሮስኮፕ ሥር እንደ ክብ መስኮት ጎልቶ ይታያል። ኤሌክትሮዱ ከሽፋኑ ጋር ሲገጣጠም ይይዛል፣ ከዚያም ይለቃል። ጥፋቱ ለሳምንታት ያህል ሕብረ ሕዋሱን በሚበታትነው ኢንዛይም፣ በውሃው ሙቀት፣ በመጨረሻም በሠራተኛው እጅ ላይ ሲላከክ ቆየ። እኔ የተጠራሁት ለሕዋሳቱ አልነበረም፤ ሶፍትዌሩን ወደ አዲስ ኮምፒውተር እንዳዛውርላቸው ነበር። ኮዱን ሳነብ የገጠመኝ ነገር ነው ወደ ጠርሙሶቹ የመለሰኝ።

የስሌቱ ሙሉ አካል ሦስት መስመር ነበር ማለት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ኬሚካል የተሰጠውን ሚሊሞላር ኬሚካሉ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ በሚከፋፈልባቸው ቅንጣቶች ቁጥር ያባዛል፤ ለሶዲየም ክሎራይድ በ2፣ ለካልሲየም ክሎራይድ በ3፣ ለግሉኮዝና ለሱክሮዝ በ1። ከዚያ ሁሉንም ይደምራል። ጨዉ እንዲህ ነበር፦ ሶዲየም ክሎራይድ 140፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 4፣ ካልሲየም ክሎራይድ 2፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ 1፣ ሄፔስ (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚጠብቅ ኬሚካል) 10፣ ግሉኮዝ 5፤ ድምሩ 312። ሱክሮዙ ደግሞ ሱክሮዝ 260፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 4፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ 7፣ ካልሲየም ክሎራይድ 0.5፣ ሄፔስ 10፣ ግሉኮዝ 11፤ ድምሩ 311.5፣ ሲጠጋጋ 312። መደመሩና ማባዛቱ እንከን የለበትም።

ኦስሞሜትር አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ አለን ተባልኩ። መሣሪያው ሶሉሽኑ ወደ በረዶ የሚለወጥበት የሙቀት መጠን ከንጹሕ ውሃ ምን ያህል እንደወረደ የሚለካው ዓይነት ነው፤ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ ውስጥ 1 ኦስሞል ሲኖር ውሃው የሚረጋበት ነጥብ በ1.858 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል። የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ከወራት በፊት ጨዉን ለክቶ 295 አግኝቶ ነበር። ከ312 በ17 ስለሚያንስ መዝገቡ ላይ «ማሽኑ በ17 ዝቅ አድርጎ ያነባል» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ በኋላም የሚያነበው ቁጥር ላይ ሁሉ 17 ይጨምር ጀመር። ሱክሮዙን የለካው ሰው አልነበረም፤ ማሽኑ የተበላሸ ከሆነ ለምን ይለካል?

እኔ ልፈርድበት አልችልም። ስክሪን ላይ ያለ ቁጥርና አንድ ያረጀ መሣሪያ ሲለያዩ አብዛኞቻችን መሣሪያውን እናማለን።

በዚያው ከሰዓት ማረጋገጫ አምፑል፣ ማለትም የታሸገ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ፣ ከፈትን። በላዩ 290 የተጻፈበት፣ ለመሣሪያው ማስተካከያ የሚሸጥ ሶሉሽን ነው። መሣሪያው ሦስት ጊዜ 290፣ 291፣ 290 አነበበ፤ ስለዚህ ጤነኛ ነበር። ከዚያ ሁለቱን ጠርሙሶች ከእያንዳንዳቸው ሦስት ናሙና እየወሰድን ለካን፤ በመካከላቸውም ማረጋገጫውን ደገምን። ጨዉ 295፣ ሱክሮዙ 328 ሆነ። እኩል የተባሉት ሁለት ሶሉሽኖች በ33 ሚሊኦስሞል ተለያይተዋል፣ ያውም አንዱ ከስሌቱ በታች፣ ሌላው ከስሌቱ በላይ።

የመጀመሪያው ግኝትና ያመጣው ግራ መጋባት

የኬሚካሎቹን ዝርዝር ከመደርደሪያው ላይ ካሉት ጠርሙሶች ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ያዝን። ዝርዝሩ ካልሲየም ክሎራይድን በ147.01 መዝግቧል፤ ይህ በክሪስታሉ ውስጥ ሁለት የውሃ ሞለኪውል የያዘው ዓይነት የአንድ ሞል ክብደት በግራም ነው፣ ጠርሙሱም ያንኑ ይላል። ማግኒዚየም ክሎራይድ ጋ ስንደርስ ግን ዝርዝሩ 95.21 ሲል ጠርሙሱ 203.30 ይላል። ስድስት የውሃ ሞለኪውል የያዘውን ጨው ውሃ አልባ እንደሆነ አድርገው ሲመዝኑት ኖረዋል ማለት ነው። ለ7 ሚሊሞላር ሶፍትዌሩ 0.666 ግራም ያዛል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ላለው ዓይነት የሚያስፈልገው 1.423 ግራም ነበር። ስለዚህ በሱክሮዙ ውስጥ የነበረው ማግኒዚየም 7 ሳይሆን 3.3 ሚሊሞላር ገደማ ነው።

ሁሉም ደስ አለው። ስህተት ሲፈለግ ስህተት ተገኝቷል፤ ኬሚካሉ የሕዋሳቱ ጠባቂ የተባለው ማግኒዚየም መሆኑ ደግሞ ታሪኩን የበለጠ አሳማኝ አደረገው። ዝርዝሩ ታረመ፣ ሁለቱም ሶሉሽኖች በአዲስ መልክ ተመዝነው ተዘጋጁ፣ ተለኩም። ጨዉ 296 ሆነ። ሱክሮዙ 339።

ልዩነቱ ከ33 ወደ 43 ሰፋ። ሲታሰብ ይህ መሆኑ የማይቀር ነበር፦ የጎደለው ማግኒዚየም ክሎራይድ የሱክሮዙን ኦስሞላሊቲ በ10 ገደማ ዝቅ አድርጎት ስለነበር፣ የተደበቀውን ትልቁን ስህተት በከፊል ሲሸፍንለት ቆይቷል። ጉድለቱን ስንሞላ ሽፋኑ ተነሣ። በእኔ እምነት የዚህ ጉዳይ ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ስህተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጎትቱ አንዱን ብቻ ያረመ ሰው ሁኔታውን ያባባሰ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም እርማቱን መልሶ ይሰርዛል። በዚያ ቀን ማግኒዚየሙን ወደ ቀድሞው እንመልሰው የሚል ሐሳብ በቁም ነገር ቀርቦ ነበር።

ሁለት ቀላል ሶሉሽኖች

በስድስት ኬሚካል ቅልቅል ላይ ከመከራከር ይልቅ እያንዳንዳቸው አንድ ኬሚካል ብቻ ያለባቸው ሁለት ሶሉሽኖች እንዲዘጋጁ ጠየቅሁ። አንደኛው በአንድ ሊትር 9 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማለትም 154 ሚሊሞላር። ሁለተኛው 270 ሚሊሞላር ሱክሮዝ። ሶፍትዌሩ ለመጀመሪያው 308፣ ለሁለተኛው 270 አለ። ኦስሞሜትሩ ለመጀመሪያው 286፣ ለሁለተኛው 293 አነበበ። በሶፍትዌሩ ዓይን ጨዉ ከስኳሩ በ38 ይበልጣል፤ በመሣሪያው ዓይን ስኳሩ ከጨዉ በ7 ይበልጣል። ቴክኒሻኑ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ጽፎ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካያቸው በኋላ መዝገቡን አውጥቶ «በ17 ዝቅ» የሚለውን መስመር በአንድ ሰረዝ ሰረዘው።

የጨዉ ነገር የተሞሉ ቅንጣቶች እርስ በርስ ከመሳሳባቸው ጋር የተያያዘ ነው። ሶዲየም ክሎራይድ በውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይከፋፈላል፤ ነገር ግን አዎንታዊው ሶዲየምና አሉታዊው ክሎራይድ በዚህ ክምችት አንዱ የሌላውን ተጽዕኖ ስለማይረሳ፣ ሁለቱ ቅንጣቶች ፍጹም ነጻ የሆኑ ሁለት ቅንጣቶች የሚያደርጉትን ያህል የውሃውን ጠባይ አይለውጡም። ይህን የሚገልጸው የኦስሞቲክ ኮፊሸንት ለሶዲየም ክሎራይድ በዚህ ክምችት 0.93 ገደማ ነው። 308ን በ0.93 ስናባዛ 286 እናገኛለን፤ መሣሪያው ያነበበውም ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ የተሞሉ ቅንጣቶች ያሏቸው እንደ ማግኒዚየምና ካልሲየም ክሎራይድ ያሉት ጨዎች ኮፊሸንታቸው ከዚህም ዝቅ ይላል።

የስኳሩ ነገር ሌላ ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚያሰላውና መሣሪያው የሚለካው የተለያየ ነገር መሆኑም በግልጽ የሚታየው በእሱ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ቅንጣቶቹን የሚቆጥረው በአንድ ሊትር ሶሉሽን ውስጥ ነው፤ ይህ ኦስሞላሪቲ ይባላል። ኦስሞሜትሩ የሚያነበው በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ ነው፤ ይህ ኦስሞላሊቲ ይባላል። የስሞቹ ልዩነት አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ በየጽሑፉ ይምታታሉ። ለጨው ብቻ ቢሆን መምታታቱ ብዙም ባልጎዳ ነበር፤ 9 ግራም ጨው በሊትሩ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ከጥቂት ሚሊ ሊትር አይበልጥምና። ሱክሮዝ ግን ግዙፍ ሞለኪውል ነው። 260 ሚሊሞላር ማለት 89 ግራም ሱክሮዝ ሲሆን፣ ይህ ስኳር ሲሟሟ 55 ሚሊ ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ፍላስኩ እስከ አንድ ሊትር ምልክቱ ሲሞላ ውስጡ ያለው ውሃ 940 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ 260 ለ0.94 ሲካፈል በኪሎ ግራም ውሃ 277 ይሆናል። በዚያ ላይ ሱክሮዝ በዙሪያው ያለውን ውሃ አጥብቆ ስለሚይዝ ኮፊሸንቱ ከአንድ በላይ፣ በዚህ ክምችት 1.02 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ 282 ላይ ይደርሳል። ሌሎቹ ኬሚካሎችም የተሟሟቱት በዚያው ባነሰው ውሃ ውስጥ ስለሆነ የእነሱም ድርሻ አብሮ ከፍ ይላል።

ሶፍትዌሩን የጻፈው ተማሪ የተከተለው ቀመር የቫንት ሆፍ ነው። ዊልሄልም ፕፌፈር በ1877 በሱክሮዝ ላይ ያሳተማቸውን የኦስሞቲክ ግፊት ልኬቶች መሠረት አድርጎ፣ ያኮቡስ ቫንት ሆፍ በ1880ዎቹ የሟሚ ቅንጣቶች ግፊት ከጋዝ ሕግ ጋር አንድ ዓይነት መልክ እንዳለው አሳየ፤ በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ሲቀበልም ይህ ሥራው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ቀመሩ እጅግ ለቀጠነ ሶሉሽን እውነት ነው። ከሦስት መቶ ሚሊኦስሞል አካባቢ፣ ማለትም የሕይወት ሥራ ሁሉ በሚሠራበት ክልል፣ ስህተቱ ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ሕዋስ የሚያውቀው ይሆናል።

ምን ያህል እንደሚያውቀው ለቡድኑ ለማሳየት ልዩነቱን ወደ ግፊት ለወጥሁት። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ እያንዳንዱ ሚሊኦስሞል 2.44 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ 43 ሚሊኦስሞል 105 ኪሎፓስካል ይሆናል፤ ከአንድ የከባቢ አየር ግፊት ጥቂት ከፍ ያለ ማለት ነው። ሕዋሱ ይህን ግፊት በሽፋኑ ተሸክሞ አይቆምም፣ ውሃ አስገብቶ ያብጣል እንጂ። ከሕዋሱ ይዘት 30 በመቶው ለኦስሞሲስ የማይንቀሳቀስ ነው ብለን ብንወስድ፣ ከ339 ወደ 296 ሲሻገር 10 በመቶ ገደማ ይፋፋል። ጤነኛ ሕዋስ ይህን ይችለው ይሆናል፤ ገና ከኢንዛይም የወጣና ኤሌክትሮድ የተለጠፈበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሶፍትዌሩ እንዴት ተለወጠ

የቡድኑ መሪ ተመራማሪ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ቀላል ነገር ነበር፦ ድምሩ በአንድ ማስተካከያ ቁጥር ይባዛና ነገሩ ይለቅ። ለምን እንደማይሆን ከራሳቸው ጠርሙሶች አሳየኋቸው። ጨዉን ከ312 ወደ 296 የሚያመጣው ቁጥር 0.95 ነው፤ ሱክሮዙን ከ312 ወደ 339 የሚያደርሰው ደግሞ 1.09። አንዱን የሚያስተካክል ቁጥር ሌላውን የባሰ ያጠመዋል።

ስለዚህ ስሌቱ ከመሠረቱ ተጻፈ። እያንዳንዱ ኬሚካል ሲሟሟ የሚይዘው ቦታ ተመዝግቦ፣ ሶፍትዌሩ መጀመሪያ በሊትሩ ውስጥ ስንት ግራም ውሃ እንደቀረ ያወጣል፣ ከዚያ ሁሉንም በኪሎ ግራም ውሃ ያሰላል። የኦስሞቲክ ኮፊሸንቱ ለሶዲየም ክሎራይድ፣ ለፖታሲየም ክሎራይድና ለሱክሮዝ ከታተሙ የልኬት ሠንጠረዦች እንደ ክምችቱ ይነበባል፤ ለሁለት ጊዜ የተሞሉት ጨዎች የጠቅላላው ሶሉሽን የአዮን ጥንካሬ (የተሞሉት ቅንጣቶች ክምችት ከሙላታቸው መጠን ጋር ተዳምሮ) ታይቶ ይገመታል። የክሪስታል ውሃው መጠን ከዝርዝሩ በራሱ መምጣቱ ቀርቶ ተጠቃሚው ከጠርሙሱ ላይ አንብቦ እንዲመርጠው ይገደዳል፤ ሳይመርጥ ግራሙ አይታይም። ይህ ሥራ ያዘገያል ብለው ያማረሩ ነበሩ፤ እውነት ነው፣ ያዘገያል።

ሄፔስ አንድ ረጅም ከሰዓት ወስዶብናል። የድሮው ሶፍትዌር ሄፔስን እንደ 1 ቅንጣት ቆጥሮ ያልፋል። ነገር ግን ፒኤቹን ወደ 7.4 ለማምጣት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይንጠባጠብበታል፤ የሄፔስ ፒኬኤ (ግማሹ የሚለወጥበት ፒኤች) 7.5 አካባቢ ስለሆነ ከ10 ሚሊሞላሩ ግማሽ የማይሞላው ይለወጣል፣ በዚያው ልክ ከ4 እስከ 5 ሚሊሞላር ሶዲየም ይገባል። ይህ ሶዲየም በየትኛውም ቅመማ ላይ ተጽፎ አያውቅም። በሁለቱም ሶሉሽኖች ውስጥ እኩል ስላለ ልዩነታቸውን አያሰፋውም፤ የእያንዳንዳቸውን ቁጥር ግን ከፍ ያደርገዋል። አሁን የሚፈለገው ፒኤች ሲጻፍ ሶፍትዌሩ የሚጨመረውን ሶዲየም ራሱ ይቆጥራል።

አዲሱ ስሌት ለጨዉ 297፣ ለሱክሮዙ 339 አለ። ልኬቱ 296 እና 339 ነበር። ቀጥሎ ሱክሮዙ ስንት ቢሆን ከጨዉ ጋር እንደሚስተካከል ስንጠይቀው 224 ሚሊሞላር፣ ማለትም በሊትር 76.7 ግራም አለ፤ ከቀድሞው በ12 ግራም ያህል ያነሰ።

ቴክኒሻኑ ይህን ለመመዘን አልተዋጠለትም። ቅመማውን ወስዶ በድሮው ሶፍትዌር አስልቶ 276 አወጣና «እባክዎ ይዩት፣ ይህ እኮ ሕዋሱን ያፈነዳዋል» አለኝ። ለዓመታት 312 ሲያይ ለኖረ ሰው ይህ ተገቢ ፍርሃት ነው። ክርክር አልገጠምነውም፤ መቶ ሚሊ ሊትር ብቻ አዘጋጀ፣ 50 ማይክሮ ሊትር ወስዶ መሣሪያው ውስጥ ከተተ፣ 297 ወጣ። ሁለተኛው ናሙና 298፣ ሦስተኛው 297።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ኒውክለሳቸው ጎልቶ የሚታይ ሕዋሳት ቀነሱ፣ ኤሌክትሮዱም ይዞ መቆየት ጀመረ። ይህን ሙሉ በሙሉ ለኦስሞላሊቲው መስጠት ግን ልክ አይመስለኝም። የማግኒዚየሙ ጉድለትም የተሞላው በተመሳሳይ ጊዜ ነው፣ ማግኒዚየም ደግሞ በሚቆረጥ የነርቭ ሕብረ ሕዋስ ላይ የራሱ የታወቀ ጥበቃ አለው። ሁለቱን ለመለየት ሱክሮዙ ተስተካክሎ ማግኒዚየሙ 3.3 ላይ የሚቆይበት ሙከራ ያስፈልግ ነበር፤ ቡድኑ ግን ሕዋሱ ደህና ከሆነለት በኋላ ለዚያ ጊዜ አላወጣም፣ እኔም አልገፋፋሁም።

አንድ ነገር ሶፍትዌሩም መሣሪያውም አያውቁትም፦ የሕዋሱን ሽፋን። ከቡድኑ አንዱ መድኃኒት ዲኤምኤስኦ በተባለ ማሟሚያ ፈሳሽ አሟሙቶ ወደ ጨዉ በ0.1 በመቶ መጠን ጨመረና ኦስሞሜትሩ በ14 ያህል ከፍ ሲልበት፣ ለማካካስ ጨዉን ቀነሰ። ዲኤምኤስኦ በ0.1 በመቶ 14 ሚሊሞላር ስለሚሆን ንባቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ዲኤምኤስኦ ሽፋኑን በቀላሉ አልፎ ውስጥና ውጭ ይስተካከላል፤ ሲስተካከል ውሃ የሚጎትትበት ምክንያት አይኖርም፣ የቀነሰው ጨው ግን እንደቀነሰ ይቀራል። ሰውየው ለማስተካከል ብሎ ሕዋሱን የሚያሳብጥ ሶሉሽን ሠራ። በዚህ የተነሣ በእያንዳንዱ ኬሚካል ጎን «ሽፋኑን ያልፋል» የሚል ምርጫ ተጨመረ፤ ሶፍትዌሩም አሁን ሁለት ድምር ይጽፋል፣ አንዱ ኦስሞሜትሩ የሚያነበው፣ ሌላው ሕዋሱ የሚሰማው።

ያልተፈታው በኤሌክትሮዱ ውስጥ የሚገባው ሦስተኛው ሶሉሽን ነው። ዋናው ይዘቱ ፖታሲየም ግሉኮኔት ነው፤ ለእሱ በእጃችን ባሉት ሠንጠረዦች ላይ የተመዘገበ ኮፊሸንት ስላልነበረ ሶፍትዌሩ የፖታሲየም ክሎራይዱን ይዋሳል፣ ውጤቱንም በቢጫ አድርጎ «ግምት» የሚል ቃል ይለጥፍበታል። ከጎኑ ልኬቱ የሚሞላበት ባዶ ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ካልተሞላ ቅመማው አይታተምም። ቴክኒሻኑ የግሉኮኔቱን ጠርሙስ በየጊዜው በአዲስ መልክ ባዘጋጀ ቁጥር ንባቡን እዚያ ይጽፋል። በቂ ንባቦች ሲሰበሰቡ የተዋስነውን ኮፊሸንት በራሳችን ልኬት እንተካዋለን።